ለአንዲት ሸክላ ክንድ ስንመርጥ

«ቀላል ነው አልሁህ! ቀላል ነገር ይዘላል!» አለ አጎቴ፣ ጥቁሩን ቀጭን ክንድ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ። «ባዶ የጭነት መኪና ከዚህ እስከ ሽንዲ ነድተህ ታውቃለህ? አታውቅም። ኮረኮንቹ ላይ እንደ ፍየል ነው የሚፈናጠረው። እህል ስትጭንበት ግን መሬቱን ይዞ፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።»

«ጋሼ፣ ሸክላ እኮ መንገድ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? መርፌ የሚሄድበት ቦይ አይደለም? ቦይ መንገድ ካልሆነ ምንድን ነው?»

«እሺ፣ መንገድ ይሁን። ከባድ መኪና የተመላለሰበት መንገድ ምን እንደሚሆን ካንተ በላይ ማን ያውቃል? ይቦረቦራል። ያለችን ደግሞ አንዲት ሸክላ ናት።»

«አንዲት ስለሆነች እኮ ነው የምልህ! አንዲት ስለሆነች!»

አክስቴ ከመስኮቱ ስር ካለው አግዳሚ ላይ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ወደኋላ መለስ አድርገው ሲያዩን ቆዩና፣ «እኔ ጉሮሮየን ስመርጥ እንኳ ይህን ያህል አልቆየሁም» አሉ።

አጎቴ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወደ ክርክራችን ተመለስን። ያንን ሳቅ ዛሬ ሳስታውሰው ደስ አይለኝም። አክስቴ እየለመኑን ነበር፤ እኛ ቀልዱን ብቻ ሰምተን አለፍነው።

ቀኑ የቅበላ እሑድ ነው፤ በማግሥቱ ሁዳዴ ይገባል። ፍኖተ ሰላም ሥጋዋን ስትሰናበት ነው የዋለችው። ከየቤቱ የሽንኩርትና የቅቤ ሽታ ይወጣል፤ በዚያ ዓመት አዲስ የገቡት ባጃጆች ዋናው መንገድ ላይ ከፈረስ ጋሪዎቹ ጋር እየተጋፉ ሰዉን ከዘመድ ቤት ወደ ዘመድ ቤት ያመላልሳሉ። ያን ሰሞን መብራት በፈረቃ ነበር፤ የሰፈራችን ተራ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ነው። ሁለት ክንዶች ነበሩን። ከባዱ ማጫወቻው ላይ ተገጥሟል፤ ቀላሉ በአጎቴ ጣቶች መካከል ነው። ጠረጴዛው ላይ፣ በወረቀት ከረጢቷ ውስጥ፣ አክስቴ በልጅነታቸው የዘፈኑባት ሸክላ አለች። መብራቱ ሳይሄድ ከሁለቱ አንዱን መርጠን አክስቴ የራሳቸውን ድምፅ እንዲሰሙ ማድረግ ነበረብን። ሁዳዴ ከገባ በቤታችን ዘፈን አይከፈትም። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ አክስቴ ቆብ ሊደፉ ወስነዋል። የመነኮሰ ሰው ዘፈን አይሰማም፤ የራሱንም ቢሆን።

ማጫወቻው የመጣው ከቡሬ ነው። አጎቴ ሾፌር ነው፤ በዚያ አካባቢ በነበረ አንድ የእርሻ ፕሮጀክት ለፈረንጅ የሰብል ባለሙያ ሲነዳ ኖሮ፣ ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ይህን ዕቃ ትቶለት ሄደ። እንደ ተራ ማጫወቻ እንዳታስቡት። መቀመጫው ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ነው። ሸክላው የሚያርፍበትን ክብ ብረት አንድ ሰው በሁለት እጁ ካልሆነ አያነሳውም፤ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ግን ኮሽታ ሳያሰማ ረጅም ጊዜ ይሽከረከራል። ክንዱን፣ ማለትም መርፌውን ተሸክሞ በሸክላው ላይ የሚሄደውን ዘንግ፣ ፈረንጁ ፈትቶ፣ በካልሲ ጠቅልሎ፣ ከልብሱ ጋር ሻንጣው ውስጥ ከተተው። «ይህ የእኔ ምርጫ ነው፤ አንተ የራስህን ትመርጣለህ» አለው አሉ።

እንዲህ ያለ ውድ ማጫወቻ ከፋብሪካው ሲወጣም ያለ ክንድ እንደሚሸጥ፣ ክንዱን ገዢው እንደ ጆሮውና እንደ ሸክላዎቹ ጠባይ ለብቻው መርጦ እንደሚያስገጥም ያወቅነው ኋላ ነው። ያን ጊዜ አጎቴ ቡሬ ላይ መሳቂያ ሆነ። «መኪናውን ሰጥቶህ መሪውን ነቅሎ ሄደ በለኛ!» አለው ጋራዥ ያለው ጓደኛው። አጎቴ ግን ዕቃውን ፍኖተ ሰላም አምጥቶ፣ ዳንቴል አልብሶ ሳሎን አስቀመጠው። እንግዳ ምንነቱን ሲጠይቀው፣ ሆስፒታል ስለተኛ ዘመድ እንደሚያወራ ሁሉ፣ «ክንዱን እየጠበቀ ነው» ይል ነበር።

እኔ ያን ጊዜ የምኖረው ከእሱ ጋር ነው። ኮሌጅ ገብቼ አቋርጫለሁ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ትቻለሁ፤ የሰው ልጆች አስጠንቼ ሰልችቶኛል። የትም ብቀመጥ ዋናው ነገር ከበሩ ውጭ እየተካሄደ ይመስለኝ ነበር። ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ በተበላሹ የፎቶ ኮፒ ወረቀቶች ጀርባ እየጻፍሁ፣ ለራሴ እያነበብሁ፣ እየቀደድሁ ነው የተማርሁት። በዘራችን ግጥም የሞከረ የመጀመሪያው ሰው እኔ እንደሆንሁም አምን ነበር። አጎቴን አንተ የምለው ራሱ ስላዘዘኝ ነው፤ «አንቱ ስትለኝ ሽበቴ ይበዛል» ይለኛል። አክስቴን ግን አንቱ ከማለት ሌላ አፌ አይችልም።

አክስቴ ከወምበርማ ገጠር የመጡት ከጥምቀት በኋላ ነው። የባላቸውን ተዝካር አውጥተው፣ መሬቱንና ከብቱን ለልጆቻቸው አስረክበው፣ ከመመንኮሳቸው በፊት ዘመድ እየዞሩ ይሰናበቱ ነበር። አንዱ ጋ እየሰነበቱ፣ ሌላው ጋ እያደሩ፣ መጨረሻ ላይ ታናሽ ወንድማቸው ቤት ደረሱ። ገና እንደተቀመጡ ዳንቴሉን ገለጥ አድርገው አዩ።

«ይኼ የምን ወፍጮ ነው?» አሉ።

አጎቴ ነገራቸው። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ሸክላ ያጫውታል በለኛ» አሉት። አጎቴ ተነስቶ መኝታ ቤቱ ገባና አንዲት ትንሽ ሸክላ ይዞ ወጣ። ከረጢቷ ቢጫ ሆኗል፤ አንዱ ጥግ ተቀድዷል።

ታሪኩን እኔ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። አክስቴ ቡሬ ተማሪ ሳሉ፣ ከትምህርት ቤት የተመረጡ ልጃገረዶች በጭነት መኪና አዲስ አበባ ተወስደው ነበር። አንድ ክፍል አስገቧቸው። አዝማቹን አብረው ዘፈኑ፤ ከዚያ በእኛ አገር ጨዋታ እንደሚደረገው እያንዳንዷ በተራዋ የራሷን ግጥም ወረወረች። አክስቴ የእሳቸውን የገጠሙት የዓባይን ቁልቁለት ሲወርዱ፣ መኪናው ላይ እንደቆሙ ነው። በተመለሱ ሰሞን ተዳሩና ወምበርማ ገቡ። እዚያ ሸክላ የሚያጫውት ቤት አልነበረም። ባላቸው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገሩን ያነሳ ሰው ብቻ አልተገኘም። ከብዙ ዓመት በኋላ አጎቴ ደምበጫ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ምሳ ሲበላ ይህችን ሸክላ ሰማ። የእህቱን ድምፅ ለየው። ግጥሙን ግን የጠርሙሱና የጠጪው ጫጫታ ዋጠበት። ባለቤቱን ለምኖ ሸክላዋን ይዞ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ማጫወቻም አልነበረውም፣ አልሰማትምም።

«የእኔ ግጥም ምን ይል ነበር?» አሉት አክስቴ።

«አልሰማሁትም፣ እታለም።»

«እኔም ጠፋኝ።» ሸክላዋን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ከረጢቷን በመዳፋቸው ዳበሱት። «ቁልቁለቱ ትዝ ይለኛል። ንፋሱ ትዝ ይለኛል። ሻሼ እንዳይወስድብኝ በጥርሴ ነክሸው ነበር። ግጥሟ ግን ብን ብላለች።»

አጎቴ አንገቱን ደፋ።

«ስመነኩስ ፍትሐት ይደረስልኛል፤ እንደ ሞተ ሰው ነው» አሉ። «ያቺን ልጅ ምን እንዳለች ሳልሰማት አብሬ ልቅበራት?»

ከዚያ አንድ ነገር አሳሰቡን። ከእሳቸው በፊት ማንም እንዳይሰማት። «መጀመሪያ እኔ» አሉ። «ከዚያ ወዲያ የወደዳችሁትን አድርጉ።»

አክስቴን ያየሁበት ዓይን ያን ቀን ተለወጠ። ከዚያ በፊት ሲመጡ ማር የሚያመጡ፣ ሲሄዱ ግንባሬን የሚስሙ አክስት ነበሩ። አሁን ግን ሲበሉም ሲጸልዩም አፋቸውን አያለሁ። ከዚያ አፍ የወጣ፣ ማንም ያልጻፈው ግጥም ጠረጴዛችን ላይ በጥቁር ሸክላ ተቀርጾ ተቀምጧል። ለአክስቴ ብዬ የተጣደፍሁ መስሎኝ ነበር፤ ለራሴም ነበር።

አጎቴ ወደ አዲስ አበባ ለሚመላለስ የአውቶቡስ ሾፌር ጓደኛው ነገረው። ጓደኛው ከፈረንጅ ቤት የወጡ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት ሱቅ አግኝቶ ሁለት ክንድ አመጣልን፤ የማንፈልገውን በሚቀጥለው ጉዞው ሊመልስ። አንደኛው ረጅም፣ እንደ እባብ የተጠማዘዘ፣ ከወፍራም ብረት የተሠራ ነው። ሁለተኛው አጠር ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ ሸምበቆ ውስጡ ባዶ የሆነ። ሁለቱም በኋላቸው በኩል በጣት የሚሽከረከር ማመዛዘኛ አላቸው፤ እሱን ወደፊትና ወደኋላ በማድረግ መርፌዋ በሸክላው ላይ ስንት እንደምትጫን ይወሰናል። መርፌዋ ግን ለሁለቱም አንዲት ብቻ ነበረች።

ክንዱ የሚተከልበትን ጣውላ ቡሬ ያለ አናጢ ከዋንዛ እንዲሠራልን ሰጠነው። አናጢው እጀ ብልህ ነው፤ በዓል ግን አይሽርም። አንድ ቀን ሚካኤል ነው ይላል፣ ሌላ ቀን ኪዳነ ምሕረት፣ ሌላ ቀን ጊዮርጊስ። አጎቴ ጣውላ ሊያመጣ ሄዶ የበዓል ጠላ ጠጥቶ ይመለሳል። ጥር አለፈ። የካቲት ተጋመሰ። በመጨረሻ ጣውላው ሲመጣ ሁለት ቀዳዳ ነበረው፤ አንዱ ለከባዱ፣ አንዱ ለቀላሉ። እኔና አጎቴ መስማማት ስላቃተን ሁለቱንም አስበስተነው ነበር።

እኔ ደግሞ በዚያ መሃል ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ስለ ክንድ የተጻፈ ነገር አሳትሜ አመጣሁ። ከባድ ክንድ ጠንካራ መርፌ እንደሚስማማው፣ ቀላል ክንድ ልስልሱን እንደሚወድ፣ ጫናው ከጥቂት ግራም በላይ ከሆነ ሸክላው እንደሚጎዳ ይላል። ያንን ካነበብሁ በኋላ ከእኔ ጋር መነጋገር አስቸጋሪ ሆነ። አጎቴ የሚያውቀው መንገድ ነው፤ እኔ የማውቀው ወረቀት ነው። ሁለታችንም ሸክላዋን ለማዳን ነው የምንከራከረው፤ ሁለታችንም ያንን ስለምናውቅ ማንም ማንንም ተው ማለት አልቻለም። ቅዳሜ መብራት አልነበረም፤ ከአንጥረኛው የወርቅ ሚዛን ተውሰን ስንመዝንና ስንጨቃጨቅ ዋልን።

እሑድ መብራቱ እንደመጣ መጀመሪያ የእኔን ክንድ፣ ቀላሉን፣ ገጠምን። መርፌዋን ክንዱ ጫፍ ላይ ማሰር ቀላል ሥራ አይደለም። ፀጉር የሚያካክሉ፣ ቀለማቸው የተለያየ ሽቦዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በወረንጦ ተይዘው በየቦታቸው ይሰካሉ። አጎቴ ጣቶቹ ወፋፍራም ናቸው፤ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚሠራው።

«እሑድ ብሎን መፍታት ሥራ አይደለም እንዴ?» አሉት አክስቴ።

«ይኼ ጨዋታ ነው፣ እታለም።»

«እንግዲያው ተጫወቱ። እኔም ጨዋታው መቼ እንደሚጀመር ነው የምጠብቀው።»

ለሙከራ ያዘጋጀነው ሌላ፣ ተጭሮ ያለቀ ሸክላ ነበር። መርፌዋ ጥቂት ሄደችና ጭረቱ ጋ ስትደርስ ዘለለች። አጎቴ ጭኑን መታ። «አላልሁም? ባዶ መኪና!» ማመዛዘኛውን ነካ አደረግሁት፤ እንደገና ዘለለች። ፈታነው። የእሱን ገጠምን፤ ወረንጦው እንደገና፣ ሽቦዎቹ እንደገና። ከባዱ ክንድ ጭረቱን ምንም እንዳልተፈጠረ አለፈው። ዘፈኑ ሳሎኑን ሞላው። ጎረቤታችን ከግድግዳው ወዲያ «እሰይ! ቅበላ እንዲህ ነው!» ሲል ሰማነው።

አክስቴ ቀና ብለው ተቀመጡ። ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ወደኋላ መለስ አደረጉ። አሁን የእሳቸው ሸክላ የምትከተል መስሏቸው ነበር።

እኔ ግን መርፌዋን አንስቼ ጫፏን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋኋት። የተጠቀለለ ጥቁር ብናኝ ይዛለች። «ይኸው! እያረሰው ነው» አልሁ። አጎቴ «አቧራ ነው» አለ። «አቧራ አይጠቁርም፣ የሸክላው ሥጋ ነው» አልሁ። ያን ጊዜ ነው አጎቴ ፈትቶ ያስቀመጠውን የእኔን ክንድ አንጠልጥሎ ስለ ባዶ መኪና የጮኸብኝ።

አክስቴ ስለ ጉሮሯቸው ተናግረው ካሳቁን በኋላ ጥቂት ታገሡንና ደግሞ፣ «ስሙኝማ» አሉ። «ያ ከባዱ ይዘፍናል አይደለም? ይኸው ሰማሁት። በሱው አጫውቱልኝ።»

«ይጎዳታል፣ እትዬ።»

«አንድ ጊዜ ነው የምሰማት። ብትጎዳስ? ለማን ልትቀመጥ ነው?»

«አይሆንም!» አልን እኔና አጎቴ እኩል። ያን ቀን ሙሉ የተስማማነው በዚህ ብቻ ነው።

አሁን ሳስበው ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ነው ያለቀው። እሳቸው የፈለጉት አንድ ጊዜ መስማት ነበር። እኛ ደግሞ ሸክላዋ እኛም የልጅ ልጆቻችንም የሚሰሟት፣ ለዘለዓለም ሳትነካ የምትኖር እንድትሆን ፈለግን። ያልጠየቁንን ነገር ልንሰጣቸው ስንታገል የጠየቁንን ከለከልናቸው። መርፌዋን ዝቅ አድርጎ ዝም ማለት ይበቃ ነበር።

ክርክሩ ከክንድ ወጣ። «አንተ ምን ጨርሰህ ታውቃለህ?» አለኝ አጎቴ። «ኮሌጅ አልጨረስህ፣ ሥራ አልጨረስህ። የማትተወው ነገር ቢኖር ይኼን ጭቅጭቅ ብቻ ነው!»

እኔም መለስሁለት። «አንተስ? ፈረንጅ የጣለልህን ጎዶሎ ዕቃ ዳንቴል እያለበስህ ስትኖር አልነበር?»

«ተው!» አሉ አክስቴ። ድምፃቸው እንዲህ ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። «በቅበላ? ነገ እኮ ጾም ነው! ተቀያይማችሁ ነው የምትገቡበት? ይቅር ተባባሉ። አሁን፣ ፊቴ ላይ።»

እንዲህ ከተባለ በኋላ አይሆንም ማለት የለም። ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ልስም ስል አጎቴ በትከሻዬ ያዘኝ። ግራና ቀኝ ተሳሳምን። ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ የእኔም። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልሁ። እዚህ ላይ ብናበቃ፣ ከባዱ ክንድ እንደተገጠመ ነው፣ መብራቱም አለ፣ አክስቴም ነጠላቸውን ገና ወደ ጆሯቸው አልመለሱትም።

እኛ ግን ይቅርታውን በባዶ እጃችን መተው ከበደን።

«በል፣ ያንተ ይሁን» አለ አጎቴ። «ቀላሉ ይሁን።»

«የለም ጋሼ፣ ያንተ ይሁን። ይኸው ተገጥሟል።»

«ስለ ተገጠመ አይደለም። አንብበሃል፣ ታውቃለህ። ብናኙንም አይቻለሁ።»

«አቧራ ነው። አሁን ሳየው አቧራ ነው።»

«ለእኔ ብለህ ነው።»

«እሺ፣ ላንተ ብየ ነው! ምን አለበት?»

«ሞቼ እገኛለሁ! በእህቴ ሸክላ ላይ ልጄን አስቀይሜ?» አለና ብሎን መፍቻውን አነሳ።

እጁን ያዝሁት። አስለቀቀኝ። እየሳቅን ነበር፤ ማዕድ ላይ አንተ ቅደም አንተ ቅደም እንደሚባባሉ ሰዎች። አክስቴ «ኧረ ተዉት፣ ኧረ ባካችሁ» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከጨዋታችን ቆጠርሁት። አጎቴ ከባዱን ክንድ ነቀለው። ሽቦዎቹን አላቀቀ። መርፌዋን በወረንጦ ይዞ ወደ ቀላሉ ክንድ ሲያስጠጋት፣ ከጎረቤት ይሰማ የነበረው ቴፕ ቃሉን ሳይጨርስ ቆመ።

ሦስታችንም አምፖሉን አየነው። በቀን ብርሃን አምፖል መብራቱም መጥፋቱም እምብዛም አይለይም። አጎቴ ማብሪያ ማጥፊያውን ሄዶ ተጫነው፤ አወጣው፤ ደግሞ ተጫነው። የሰፈሩ ተራ አብቅቷል።

የኋላውን እዚህ ላይ ልንገራችሁ። ከባዱ ክንድ በአውቶቡስ ተመለሰ። ቀላሉን፣ ጥቁሩን፣ ከፋሲካ በኋላ ገጠምነው፤ ማመዛዘኛውን በወርቅ ሚዛኑ እንደ ወግ አስተካከልሁት። እስከ ዛሬ የሰማሁት ሸክላ ሁሉ በእሱ ላይ ደስ ይላል፤ ጭረቱን እንኳ ኋላ ላይ ዘዴ አገኘንለት። አጎቴ ጎረቤት ሰብስቦ ያሰማል። የአክስቴን ሸክላ ግን ከከረጢቷ አላወጣናትም። «መጀመሪያ እኔ ብላለች» ይላል አጎቴ፤ ሌላ ነገር አይጨምርም። ገዳም ሄደን ስንጠይቃቸው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ጤፉ ይጠይቁናል። ስለ ሸክላዋ አንስተው አያውቁም፤ እኛም አፋችን አይደፍርም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ግጥም ጽፌያለሁ። ከሁሉም በላይ ማወቅ የምፈልገው የዚያን የዓባይ ቁልቁለት ግጥም ነው፤ እንዳልሰማው የሚከለክለኝ ቁልፍ የለም፤ የአክስቴ ቃል ብቻ ነው።

ያን ዕለት አጎቴ በመጀመሪያ ያለው፣ «ይመጣ ይሆናል» ነበር።

አክስቴ ነጠላቸውን ወደ ጆሯቸው መለሱ።

«ሆቴሉ ጀነሬተር አለው» አለ። «በባጃጅ ጭነነው እንሂድ፣ እታለም። አሁኑኑ። አንተ ክቡን ብረት ያዝ፣ እኔ እንጨቱን—»

«የቅበላ ዕለት? ሆቴል?» አሉ። «ደምበጫ ላይ ጫጫታ የዋጣት አይበቃም?»

«እንግዲያው ከፋሲካ በኋላ፣ ከመሄድሽ በፊት አንድ ቀን—»

«ወንድምዓለም፣ ነገር አታብዛ። እኔ ጾሙን ስይዝ ልቤን ይዠ ነው የምገባው። ዘፈን እየጠበቅሁ እንዴት እሰግዳለሁ?»

የሠርክ ደወል ተሰማ። አክስቴ ከአግዳሚው ስር ትንሽ ጓዛቸውን ሳቡ፤ አንድ አቡጀዲ ከረጢትና መቋሚያቸው ነው። ሁዳዴን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ በሱባኤ ሊያሳልፉ ከጥንትም ተነጋግረው ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ጓዙ እዚያ እንደነበር ያየሁት ግን ገና ያን ጊዜ ነው። እኛን ሲጠብቁ ነው የዋሉት።

«እትዬ» አልሁ። «ትንሽ እንኳ ትዝ አይልዎትም? አንድ ቃል? የመጀመሪያዋን ብቻ።»

ቆሙ። አቡጀዲውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ ግድግዳው አዩ። ከንፈራቸው ተከፈተ፤ አንገታቸው ላይ ያለው ጅማት ሲወጠር አየሁ። አጎቴ ወረንጦውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። የሆነ ነገር የሚመጣ መሰለኝ። ከዚያ ከንፈራቸው ተገጠመ።

«የለችም» አሉ።

«ትንሽ ቢቀመጡ—»

«ልጄ፣ የለችም አልሁህ።»

የአጎቴን ራስ ሳሙ፤ እሱ ቁጭ ብሎ ስለነበር ጎንበስ ማለት አላስፈለገውም። የእኔን ግንባር ሳሙ። «ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ» አሉ። መቋሚያቸው ሲሚንቶውን እየነካ ሳሎኑን አቋርጠው ሄዱ። አጎቴ «እታለም» አለ፤ ግን ሲለው ድምፁ ወደ ውስጥ ነበር፤ የሰሙት አይመስለኝም። ወጡ። የቆርቆሮው በር በስተኋላቸው ተዘጋ።